ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የትኬት ጉርድ

ትኬት ቆራጯ ሰው የምትቆጥረው በእጇ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትኬት ስትቀድ ኖራለች። ግማሹን ለተመልካቹ ትመልስና ጉርዱን ከወገቧ ባሰረችው ከረጢት ትከተዋለች። መብራት ጠፍቶ ፊልሙ ሊጀመር ሲል ሥራ አስኪያጁ ብቅ ይልና «ስንት ገባ?» ይላታል። ከረጢቱን በመዳፏ መዘን ታደርግና «አራት መቶ ስምንት» ትላለች። ጉርዱ ሲቆጠር አራት መቶ ስምንት ነው። አንድ ቀን አራት መቶ ዘጠኝ ሆኖ ተገኘና ሥራ አስኪያጁ ሳቀባት። እሷ ግን ቁጭ ብላ ጉርዶቹን አንድ በአንድ ገለጠችና፣ አንዷ በስህተት ለሁለት የተቀደደች መሆኗን ገጥማ አሳየችው። ከዚያ ወዲህ የሳቀባት የለም።

ባሏ ደግሞ እዚያው ሲኒማ ቤት ኦፕሬተር ነበር። ከተመልካቹ ጀርባ፣ ከፍ ብላ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከማሽኑ ጋር ይውላል። ፊልሙ ደኅና ሲሄድ ማንም አያስታውሰውም። ሲበጠስ ግን ጉድ ነው። አዳራሹ በፉጨት ይናጋል። «ኦፕሬተር! ተኛህ እንዴ?» «ኦፕሬተር! ሚስትህን ጠርተን እናስቀስቅስህ?» ይባላል። እሱም በትንሿ መስኮት እጁን ያወጣና፣ ጥቅሉን እየጠመጠምኩ ነው፣ ታገሡኝ ለማለት በአየር ላይ ክብ ክብ ያዞራታል። ሥዕሉ ሲመለስ ሰዉ ያጨበጭባል።

ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ይላት ነበር፣ «እንደኔ ያለ ሰው የት አለ? ሥራዬን ስሠራ ማንም አያውቀኝም፤ ስበላሽ ከተማው ሁሉ ይጠራኛል።»

ከዚያ ሲኒማ ቤቱ ተዘጋ። ወንበሮቹ ተነቅለው ወጡ፣ አዳራሹ የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ። ሁለቱም በአንድ ቀን ተሰናበቱ። እሷ የቀረውን አንድ ጥቅል ትኬት «ምን ያደርግልሻል?» እየተባለች ይዛ ወጣች። ዋጋው የታተመበት፣ ቁጥሩ የተደረደረ፣ ንጹሕ ትኬት እንዴት ይጣላል? ከአልጋዋ ሥር አስቀመጠችው።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ኦፕሬተሩን ደም ግፊት ጣለው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቱም ተያዘ። መጀመሪያ ቤቱ በጠያቂ ተጣበበ። ነገር ግን በሽታ ሲቆይ ጠያቂ ያልቃል። በየቀኑ የሚመጣው በየሳምንቱ ሆነ፣ በየሳምንቱ የሚመጣው በመስኮት «እንዴት አደረ?» ብሎ የሚያልፍ ሆነ። ኦፕሬተሩም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚስቱ ታገላብጠዋለች፣ ዞር ስትል እሱም ወደ ግድግዳው ይዞራል። ሐኪሙ «መድኃኒቱ የራሱን ይሠራል፣ እሱ ካላገዘው ግን ብቻውን ሩቅ አይሄድም» አላት።

በዚያ ሰሞን ነው እንግዲህ የወሩ ፊልም የመጣው።

የወሩ ፊልም የሚሉት በየወሩ እየተከፈለ በኢንተርኔት የሚታየውን ነው። ከተማዋን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ ከድልድዩ ወዲያ ላይ ሰፈር፣ ከድልድዩ ወዲህ ታች ሰፈር። ላይ ሰፈር መስመሩ በኬብል ስለገባ የወሩ ፊልም እንደ ቧንቧ ውኃ ይፈስሳል። እዚያ አባት ሳሎን ሆኖ የራሱን፣ እናት መኝታ ቤት ሆና የራሷን፣ ልጆች በየስልካቸው የየራሳቸውን ያያሉ ይባላል። ኬብሉ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለታች ሰፈር ከአንድ ጣሪያ ላይ የተተከለች ማሰራጫ ብቻ ተሰጠች። እሷም ሰው ሲበዛባት የምትደክም፣ ዝናብ ሲመጣ የምታኮርፍ ዓይነት ነበረች።

ትኬት ቆራጯ ከስንብት ገንዘቧ በተረፈችው ሰፋ ያለ ቴሌቪዥን ገዛች፤ ለወሩ ፊልም ተመዘገበች። ቴሌቪዥኑን ኦፕሬተሩ የሚያፈጥበት ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። «ካልዞርክልኝ እኔ ግድግዳውን አዞረዋለሁ» አለችው።

መጀመሪያ በመስኮት ያየችው ልብስ አጣቢዋ ጎረቤት ናት። ገባች፣ ተቀመጠች፣ በሳምንቱ ሁለት ልጆቿን አስከትላ መጣች። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ የራሱን ወንበር ተሸክሞ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ስለ አንዲት ሴት ዳኛ የሚተርክ ተከታታይ ድራማ ነበርና፣ በወሩ ውስጥ ቤቷ ሠላሳ ሰው መያዝ ጀመረ። ቦታ ያጣው በረንዳ ላይ ቆሞ በመስኮት ያያል። ሌሎችም አሥር ቤቶች ተመዘገቡና በየመንደሩ እንዲሁ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ፣ ዳኛዋ ፍርዱን ልታነብ አፏን ከፈተችና እንደ ከፈተች ቀረች። መስመሩ ደክሟል። በስክሪኑ መካከል መስመር ሲደክም የምትመጣው ያቺ ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች። ሰዉ ዝም ብሎ ጠበቀ። ያን ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ፣ «ኦፕሬተር! ተኛህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

ቤቱ ክው አለ። የታመመ ሰው ላይ እንዲህ ይባላል? ልብስ አጣቢዋ በክርኗ ጎሸመችው። ትኬት ቆራጯ ግን የምታየው ብርድ ልብሱን ነበር። ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። የኦፕሬተሩ ግራ እጅ ወጣችና በአየር ላይ ክብ ክብ መዞር ጀመረች። ቀስ ብላ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ጥቅሉን ትጠመጥማለች። መስመሩም ደግ ሆነና ዳኛዋ ፍርዷን አነበበች። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ኦፕሬተሩ ሳቀ። ስምንት ወር ድምፅ ያልወጣው ሰው፣ በተጣመመ አፉ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ታች ሰፈር በመስመሩ ድካም ማማረሩን ተወ። እንዲያውም ይጠብቁት ነበር። ክቧ ስትታይ ሠላሳ ሰው ባንድ አፍ «ኦፕሬተር!» ይላል፤ እጁ ትወጣለች።

«ዛሬ ዘገየህ፣ ደመወዝህ ይቀነሳል!» ይለዋል ፀጉር አስተካካዩ።

«ተወው እባክህ፣ ጥቅሉ ተጣብቆበት ነው» ትላለች ልብስ አጣቢዋ።

ቅዳሜ እስኪደርስ አንገቱን ቀና አድርጎ መዋል፣ ማንኪያ በግራ እጁ መያዝ ጀመረ። ትኬት ቆራጯ ይህን እያየች በልቧ አንድ ነገር ብቻ ትለምን ነበር፦ ቅዳሜ አይቅርብኝ።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት ወጣት ሴት በሯን አንኳኳች። በአንገቷ መታወቂያ አንጠልጥላ፣ በእጇ ታብሌት ይዛለች። ከወሩ ፊልም ድርጅት የመጣች አጥኚ መሆኗን ነገረቻት። ትኬት ቆራጯ ወንበር ጠርጋ ሰጠቻት። ልጅቷ ታብሌቱን ከፍታ የከተማዋን ካርታ አሳየቻት። ከድልድዩ ወዲያ ያለው አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆኗል። ከድልድዩ ወዲህ ያለው ግን እንደ ታጠበ ጨርቅ ነጣ ያለ ነው።

«ይኸ ምንድነው ልጄ? በሽታ ነው?»

«አይ እማማ፣ እድገት ነው። ላይ ሰፈር በየወሩ ደንበኛ ይጨምራል። እዚህ ግን ዓመት ሙሉ አሥራ አንድ ደንበኛ ብቻ። ለምን እንደማያድግ እንዳጠና ነው የላኩኝ።»

«አሥራ አንድ?»

«አሥራ አንድ። እና... እውነቱን ልንገርዎት፣ አለቆቼ ታች ሰፈር ፊልም አይወድም እያሉ ነው። በዚህ ወር መጨረሻ ይሰበሰባሉ። ካላደገ ማሰራጫውን ነቅለው ላይ ሰፈር ይተክሉታል።»

ትኬት ቆራጯን ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መታት። አንደኛው ፍርሃት ነው፦ ቅዳሜ ሊቀርባት ነው። ሁለተኛው ቁጣ ነው፤ ከሁለቱ ደግሞ ቁጣው ቀደመ።

«ታች ሰፈር ፊልም አይወድም? ስሚ ልጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። አዳራሹን ሲሞላ የኖረ ማን ሆነና! የላይ ሰፈር ሰውማ ወንበሩን በመሐረብ ጠርጎ፣ ፊልሙ ሳያልቅ ተነሥቶ የሚሄድ ነው። እኔ ቤት ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠላሳ ሰው ያያል!»

«እማማ፣ እኛ የምንቆጥረው ደንበኛ ነው እንጂ ሰው አይደለም።»

«ሰው ቆጥሬ ባሳይሽስ?»

ልጅቷ አሰበች። ክፉ ልጅ አልነበረችም። «ብዙ ፈላጊ መኖሩን የሚያሳይ ቁጥር ካለኝ፣ ኬብሉ ድልድዩን ይሻገር ብዬ መከራከር እችላለሁ» አለች።

ልጅቷ እንደ ወጣች ትኬት ቆራጯ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር ያን ጥቅል ጎትታ አወጣች። ኦፕሬተሩ ቁልቁል አያት። «ሥራ ገባሁልህ» አለችው።

ዓርብ ዕለት አሥራ አንዱንም ቤት ዞረች። ለየቤቱ ከጥቅሉ እየቆረጠች ሰጠች፣ አቀዳደዱንም አስተማረች። «ለሚገባው ሁሉ አንድ ትቀድዳላችሁ። ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለእኔ። ሕፃንም ብትሆን ዓይን ካላት ትቆጠራለች። አንዲት ሳንቲም እንዳትቀበሉ፤ ይኸ ለቆጠራ ነው።»

ቅዳሜ ታች ሰፈር ሠርግ መሰለ። ሰዉ ለብሶ ወጣ። ሽማግሌዎች ትኬታቸውን እንደ ድሮው ከኮታቸው የደረት ኪስ ከተቱ። ፀጉር አስተካካዩ በትኬት ቆራጯ በር ሁለት ጊዜ ሊገባ ሞከረ።

«አንተ ገብተሃል።»

«ፀጉሬን ተላጭቼ መጥቻለሁ እኮ እትዬ፣ ሌላ ሰው ነኝ።»

«ራስህን ብትላጭም ጆሮህን አውቃታለሁ! እለፍ!»

ያን ቀን ክቧ ዘጠኝ ጊዜ ዞረች፣ ኦፕሬተሩ ዘጠኝ ጊዜ ተጠራ።

ማምሻውን ጉርዱን ሰበሰበች። ከረጢቱን መዘን አደረገችና ለባሏ «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት» አለችው። ቆጠረችው፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነው። የየቤቱን ለብቻ በክር አሰረችና በላዩ የቤት ቁጥሩንና የባለቤቱን ስም ጻፈችበት። ሥራ ከተሠራ እንዲህ ነው።

አጥኚዋ ሰኞ መጣች። ትኬት ቆራጯ አሥራ አንዱን እስር ጠረጴዛው ላይ ደረደረችላት። ልጅቷ አንዱን አነሣች፣ ገለበጠችው፣ ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ... ይኸ ትኬት ነው?»

«ታዲያስ!»

«ዋጋ ታትሞበታል።»

«የድሮው ዋጋ ነዋ። አሁን ማን ከፈለና? ለቆጠራ ነው የቀደድነው።»

ልጅቷ ወደ በሩ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቁጥሩን ብቻ ልውሰድ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብዬ እጽፋለሁ። ጉርዱ ግን እዚህ ይቅር፣ ይሻላል።»

እንግዲህ ክፉ ቀን በር ላይ ቆሞ «አልገባም» ሲል፣ ጎትቶ የሚያስገባው ሰው ራሱ ነው። ትኬት ቆራጯ ተቆጣች። «ያለ ጉርድ ቁጥር ማን ያምናል? አሮጊቷ ከልቧ አውጥታ ነው እንዲሉኝ? ሃያ ስድስት ዓመት ያለ ጉርድ ቁጥር ሰጥቼ አላውቅም። ትወስጃለሽ!»

«እማማ፣ እባክዎ...»

«ትወስጃለሽ አልኩሽ!» ብላ እስሮቹን ከነክራቸው በልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ራሷ ከተተቻቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

በማግስቱ ሳይሆን በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቤቱ ሞልቶ፣ ሰዉ ዳኛዋን ሲጠብቅ፣ ስክሪኑ ጨለመ። ክብ የለም። ነጭ ጽሕፈት ብቻ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ «ኦፕሬተር!» ብሎ ጀመረ፣ የኦፕሬተሩም እጅ ወጣች። ልብስ አጣቢዋ ጽሕፈቱን እያነበበች ስትሄድ ድምፅዋ ቀዘቀዘ፦ «ይህ አካውንት ለመኖሪያ ቤት የተሰጠ ሆኖ ሳለ በትኬት ለሕዝብ ማሳያ ስለዋለ ተዘግቷል።»

የኦፕሬተሩ እጅ እየዞረች ነበር።

ከመንገዱ ወዲያ ጩኸት ተሰማ። ከሌላም ቤት ተሰማ። ሰዎች እየወጡ እርስ በርስ ተጠያየቁ። አሥራ አንዱም ተዘግቷል። ያን ጊዜ ዓይን ሁሉ ወደ ትኬት ቆራጯ ዞረ።

«በትኬት» አለ ፀጉር አስተካካዩ። አልቀለደም። «ትኬቱን ምን አደረግሽው እትዬ?»

«ለልጅቷ ሰጠኋት። ለእኛው ብዬ...»

«ከነቤት ቁጥራችን?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ልብስ አጣቢዋ ልጆቿን አስነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና፣ «አንቺ መቼም ልማድሽ ነው» አለቻት፣ «በር ላይ ቆመሽ ማን እንደሚገባ ማን እንደሚቀር መወሰን።» ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን አንሥቶ ተከተላት። ቤቱ ባዶ ሲሆን ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ትኬት ቆራጯ ያን ቀን አየች።

ሰኞ ድልድዩን ተሻግራ ወደ ድርጅቱ ሄደች። ያን መንገድ ከተሻገረች ስንት ጊዜዋ! አጥኚዋ መስታወት በመስታወት ከሆነ ቢሮ ወጥታ ኮሪደር ላይ አነጋገረቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ነግሬያቸዋለሁ እማማ። ቁጥሩን ሲያዩ ይህን ያህል ፈላጊ አለ ይላሉ ብዬ ነበር። እነሱ ግን ሦስት መቶ አንድ ሰው ሳይመዘገብ ያያል ነው ያሉት። ማስረጃ ሲጠይቁኝ ጉርዱን አሳየኋቸው፤ እሱን ሲያዩ ደግሞ ሕገ ወጥ ሲኒማ ቤት ነው አሉ። ማሰራጫውም ይነቀላል።»

«ባሌ ታሟል ልጄ። ቅዳሜ ቅዳሜ ካልሆነ አይስቅም።»

ልጅቷ ይህን አታውቅም ነበር። «እስቲ ይጠብቁኝ» ብላ ገባች። ረጅም ሰዓት ቆይታ ወረቀት ይዛ ወጣች። «ለእርስዎ ቤት ብቻ ፈቅደዋል። የታመመ ሰው አለ ብዬ፣ ለጥናቱም ተባብረዋል ብዬ። ኬብል ይዘረጋልዎታል፣ ለአንድ ዓመት በነፃ። ግን እዚህ ይፈርሙ፤ ከቤተሰብ በቀር ማንም አያይም።»

ትኬት ቆራጯ ብዕሩን ይዛ ቆየች። ቤተሰብ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፈረመች። መጀመሪያ ስክሪኑ ይብራ፣ ሰዉስ ቀስ ብሎ ይመለሳል ብላ አሰበች፤ ማን በር ላይ ቆሞ ይቆጥራቸዋል?

ልጅቷ ለማጽናናት ያህል ታብሌቱን አሳየቻት። «አዩ እማማ፣ አሁን ታች ሰፈርም አረንጓዴ ነጥብ አለው።» አንዲት ነጥብ ናት። የእሷ ጣሪያ ናት።

ሠራተኞቹ ኬብሉን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈር ሁሉ እያየ፣ ከድልድዩ አፍ እስከ እሷ ጣሪያ ጎተቱት። በልብስ አጣቢዋ ጣሪያ ላይ አልፎ፣ በፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ላይ አልፎ፣ ማንም ቤት ሳይገባ እሷ ቤት ገባ። በዚያው ቀን አሮጌዋን ማሰራጫ ነቅለው በመኪና ጫኗት።

ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ እሷ እንድትሰማ አድርጎ ለደንበኛው፣ «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሸጦ አንድ ገመድ መግዛት፣ ርካሽ ነው» አለው። ደንበኛው ሳቀ።

ቅዳሜ ደረሰ። ትኬት ቆራጯ አግዳሚውን ደረደረች፤ በረንዳውን ጠረገች። በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ግቡ እንጂ! ዳኛዋ ልትጀምር ነው!»

ሰዉ በወዲያኛው ጠርዝ አለፈ። ልብስ አጣቢዋ ዘንቢሏን ይዛ ስትመጣ አየቻትና ወደ መንገዱ ወረደች። «ነይ እንጂ እህቴ፣ ልጆቹንም አምጪያቸው።»

«የማንን ቤት ቁጥር ልትጽፊ ነው ዛሬ?» አለቻት ልብስ አጣቢዋ፣ ሳትቆም።

ትኬት ቆራጯ ተመልሳ ገባች። ባሏ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል። ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ላይ አውጥቶ አዘጋጅቷታል። በሩን ሳትዘጋ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው።

ሥዕሉ የተወለወለ መስታወት ይመስላል። የዳኛዋ የዓይኗ ሽፋሽፍት ይቆጠራል። ፊልሙ ሄደ፣ ሄደ፣ አንዴም ሳይቆም ሄደ። ኦፕሬተሩ ስክሪኑን ሳይሆን የስክሪኑን መካከል፣ ያቺ ክብ የምትመጣበትን ቦታ ያያል። ሩብ ሰዓት ሆነ፤ ግማሽ ሰዓት ሆነ። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ተዘጋጀች ናት። በየመካከሉ ጣቶቹ ነቅነቅ ይላሉና ይተዋሉ።

አላስቻላትም። ተነሣች፤ ወደ ግድግዳው ሄደችና አዲሱን የኢንተርኔት ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነቀለችው። ዳኛዋ አፏን እንደ ከፈተች ቀረች። ክቧ መጣች፣ መዞር ጀመረች።

«ኦፕሬተር!» ብላ ጮኸች ትኬት ቆራጯ። ብቻዋን ሲሆን ድምፅዋ እንዴት ትንሽ ነው። «ኦፕሬተር፣ ተኛህ እንዴ?»

ኦፕሬተሩ በእጇ የያዘችውን ገመድ አየ። ከዚያ ባዶውን አግዳሚ አየ። ከዚያ የተከፈተውን በር፣ ረጅም ጊዜ። እጁን ወደ ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሳትና፣ ማንም ሳያግዘው፣ በራሱ ኃይል፣ ፊቱን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዞረ።